ሞፈር ገባ፣ ቀንበር ቀረ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተብርሃን እኅቴ፣

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ገደል ተሻግሮ በደኅና ያግኝሽ። ደብዳቤሽን መምህራን ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር ያነበብኩት። የታሪክ መምህሩ እሸቴ አይቶኝ "ምነው ሸዋነሽ፣ መርዶ ነው እንዴ?" አለኝ። "የለም፣ የዶርም ጓደኛዬ ናት" ብዬው እየሳቅሁ እንባዬን ጠረግሁ።

ትታዋለች ብለሽ የሠጋሽው ነገር አልተተወም። አራት ኪሎ እያለን በወረቀት የጀመርነው የመዝገበ ቃላት ፕሮግራም አሁን ማሽን አገኘ። ለትምህርት ቤታችን አንድ ኮምፒውተር ተሰጥቶን፣ በጋቢ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ከእኔ በቀር የሚፈልገው ስላልተገኘ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።

ቃላቱን የሚያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ፈንታሁን ነው። ታስታውሽው የለም? ማር ይዞ መጥቶ የሴቶች ዶርም በር ላይ ዘበኛው እንቢ ያለው። ጋፋት አጠገብ የአባታችንን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው። ለገበያ ሲወጣ እኔ ዘንድ ጎራ ይላል፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ለእያንዳንዱ ቃል ዓረፍተ ነገር ሳይሰጥ አይነሣም። የመኝታ ቁርበቱን "ጀንዲ" ብዬ ብጽፍ፣ "'እናታችን ጀንዲው ካልተነጠፈ እንግዳ የመጣ አይመስላትም' ብለሽ ጨምሪ" አለኝ። ተማሪዎቼም ከየመንደራቸው ያመጡልኛል።

ችግሬ ይኸውልሽ። ማሽኑ አራት ሜጋባይት ሜሞሪ አለው፤ ማሽኑን የሚያስነሣው ዶስ ግን ከስድስት መቶ አርባ ኪሎባይት ወዲያ ያለውን አያይም። ቃላቱ ያችን ሞሉና አዲስ ባስገባሁ ቁጥር "ቦታ የለም" ይለኛል። ፈንታሁን ተቆጣ፤ "ገና የበሬውን ዕቃ እንኳ ሳንጨርስ!" አለ። እኔ ሲ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ እንጂ አሴምብሊን አልችልም፤ አንቺ ግን ከክፍሉ ሁሉ የምትበልጪ ነበርሽ። የቀረውን ቦታ እንዴት ልድረስበት?

እናትሽ አደይ ጽርሃ ደኅና ናት ወይ፣ ሥራሽስ እንዴት ነው? እማዬ እቴነሽ ጉንጭሽን ሳሚልኝ ብላለች።

ሸዋነሽ


አስመራ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1990፣ በእናንተ አቆጣጠር

ሸዋዬ፣

አዎ፣ እናቴ ደኅና ናት። አደይ ጽርሃ አሁንም "ያቺ ቀጭን ጎንደሬ በልታ ታድራለች?" ትለኛለች። ስለ ሥራዬም ጠይቀሻል፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የደመወዝ ፕሮግራም እጽፋለሁ። አሰልቺ ነው። ለዚህ ነው ጥያቄሽ እንደ በዓል የሆነልኝ።

ገዳም ሄደሽ ታውቂያለሽ። እህሉ ዕቃ ቤት ነው፤ ቁልፉ በመጋቢው እጅ ነው። እንግዳ ዘው ብሎ አይገባም። መጋቢውን ጠርተሽ የምትፈልጊውን ትነግሪዋለሽ፤ ገብቶ ያመጣልሻል። ከዶስ ጋር የሚጫነው የሜሞሪ ድራይቨር እንዲህ ያለ መጋቢ ነው። ነገር ግን ሲ ከእሱ ጋር የሚነጋገርበት አፍ የለውም፤ መጋቢው የሚሰማው በሬጅስተር፣ በማሽኑ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ኪሶች፣ የተነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ በሲው መካከል ጥቂት መስመር አሴምብሊ ትሰኪያለሽ።

መጀመሪያ መኖሩን ጠይቂ። ካለ አድራሻውን ይሰጥሻል፤ አስቀምጪው። ከዚያ ኤኤች በሚባለው ሬጅስተር የሥራውን ቁጥር አድርገሽ በዚያ አድራሻ ጥሪው። ዘጠኝ ካልሽው ቦታ ይሰጥሻል። አሥራ አንድ ካልሽው ዕቃ ያመላልሳል፤ ከየት ወዴት፣ ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ሠንጠረዥ ጽፈሽ ታሳዪዋለሽ። መስመሮቹን በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ፤ አንድም ነጠላ ሰረዝ አታስቀሪ።

ታናሽ ወንድሜ ክብሮም፣ አትመሽ የላክሽውን ገጽ አይቶ "ይህ ፊደል ነው ወይስ የተሰበረ ወንበር?" አለ። እንደምታውቂው ሥዕል ይወዳል። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት አምጥቶ ከ"ሀ" ጀምሮ ቤቱን እያጠቆረ አዲስ ፊደል እየሣለልሽ ነው። እስከ "ረ" ያለው በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። አንገታቸውን ተመልከቺ። "ፊደል ራሱን ቀና ካላደረገ አያምርም" ይላል። አንድ ሰውዬ አገባሽ የሚል ወሬ ሰማሁ፤ እውነት ነው?

ለተ


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተዬ፣

ስለዘገየሁ አትቆጪኝ፤ ፈተና ሳርም ነበር፣ መብራትም ሄዶብን ሰነበተ። የክብሮምን ፊደሎች አንድ በአንድ ወደ ቁጥር ለውጬ አስገባኋቸው። ስክሪኑ ላይ ሲወጡ እሸቴን ጠርቼ አሳየሁት፤ ቆሞ ቆሞ "ብራና ላይ የተጻፈ ይመስላል" ብሎ ሄደ። ይህን ለክብሮም ንገሪው።

መጋቢው ደግሞ አለ። ጠየቅሁት፣ "አለሁ" አለኝ፤ ቦታም ሰጠኝ። ከደስታዬ ብዛት ጮኼ ተማሪዎቹ በመስኮት መጡ። ነገር ግን ዕቃ አመላልስልኝ ስለው ማሽኑ ደርቆ ይቀራል። ቁልፍ ብጫን አይሰማም። አጥፍቼ አበራዋለሁ፣ ደግሞ ይደርቃል። ፈንታሁን አጠገቤ ተቀምጦ "ይህ በሬ አልተገራም" አለ።

ያልሽውን ሁሉ የጻፍኩ ይመስለኛል፤ መስመሮቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ምን ጎድሎብኝ ይሆን?

አይ፣ ስለዚያ ሰውዬ የሰማሽው እውነት አይደለም፤ አላገባሁም። እንዲህ ያለውን ወሬ እዚያ ድረስ የሚያደርስልሽ ማነው?

ሸዋነሽ


አስመራ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1990

ሸዋዬ፣

ወሬ ነጋሪዬን አልነግርሽም። ያልሆነ ስለሆነ ግን ደስ ብሎኛል፤ ሳትጽፊልኝ ብታገቢ ኖሮ ተቀይሜሽ ነበር።

መስመሮችሽን አየኋቸው። ዲኤስ የሚባለውን ሬጅስተር ለመጋቢው ብለሽ ትቀይሪና ሳትመልሺው ትወጪያለሽ። እሱ የሲ ነው፤ ሲ የገዛ ዕቃውን የሚያገኘው በእሱ ነው። ከጎረቤት ሙቀጫ ተውሰሽ ባትመልሺ ጎረቤትሽ ምን ይወቅጥበታል? ከመጥራትሽ በፊት "ፑሽ" ብለሽ አስቀምጪው፣ ሲጨርስ "ፖፕ" ብለሽ መልሺው። ኤስአይንም እንደዚሁ። ደግሞ ዲኤስን ከቀየርሽ በኋላ የመጋቢውን አድራሻ በአዲሱ ዲኤስ አትፈልጊ፤ እዚያ የለም። መጀመሪያ ስታክ ላይ፣ ፑሽ ያልሽው በሚደረደርበት፣ አኑሪው።

የክብሮም ፊደል በዚህ ደብዳቤ አለቀ፤ እስከ "ፐ" ድረስ አለልሽ። ከሰፈር ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ ትቶልሽ ነው የሄደው። ለብሔራዊ አገልግሎት ተጠርቷል። ሁሉም ወጣት ይጠራል፣ ለወራት ነው፣ ከዚያ ይመለሳል። እናቴ ግን አልጋውን አላነጠፈችም፤ እንደተወው ይሁን አለች።

ለፈንታሁን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የሚቀጥለው ቃል ምንድነው?

ለተ


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተዬ፣

ይህን እየጻፍኩ ሬዲዮ ይናገራል። አንቺም ሰምተሻል። ስለ እሱ አልጽፍም፤ የእኛ ነገር አይደለም፣ ያልፋል።

ሠራ! ዲኤስን መለስኩለት፣ ሲም ቤቱን አገኘ። ፈንታሁን ያን ቀን ከሐሙሲት ገበያ አንድ ቦራ በሬ ገዝቶ ሲመለስ ነበር፤ በሬውን ደጅ አስሮ ገባ። የእርሻ ቃላቱን አንድ በአንድ ላክኋቸው። የሚገርመው ግን እኩሌታው ይገባል፣ እኩሌታው አይገባም። ሞፈር ገባ፣ ቀንበር ቀረ። ጀንዲ ገባ፣ ጎታ ቀረ። ወገል፣ ድግር፣ እርፍ፣ ሁሉም ደጅ ቀሩ። ማሽኑ አይደርቅም፤ ዝም ብሎ አይቀበልም። ፈንታሁን "ሞፈር ያለ ቀንበር ምን ሊያርስልን ነው? ጓደኛሽን ጠይቂያት" ብሎ ሳቀ።

ይኸው ጠየቅሁሽ። መልሱን ቶሎ ላኪልኝ። ክብሮም የት እንደሆነም ጻፊልኝ።

ሸዋነሽ


ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተብርሃን፣

ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ እኔ ሸዋነሽ ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤዬ "የሚያደርስ የለም" ተብሎ በወሩ ተመልሶልኛል፤ እሱንም ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ስልክ ተከፈተ ሲባል የድሮ ቁጥራችሁን ደወልኩ፤ የለም ይላል። ብዙነሽ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ አስመራ ያሉ ዘመዶቿን ልትጠይቅ በአውሮፕላን ስትሄድ ይህን በእጇ ሰጠኋት። አደይ ጽርሃ የምትሳለምበትን ቤተ ክርስቲያን ስለማውቅ "እዚያ ጠይቂ" ብያታለሁ።

እኔ ደኅና ነኝ። አሁንም ሂሳብ አስተምራለሁ። ባል አግብቼ ነበር፣ ተለያየን፤ አንዲት ልጅ አለችኝ፣ አዲስዓለም ትባላለች፣ ባሕር ዳር ትማራለች። ፀጉሬ ሸብቷል። እማዬ አለች፤ ዳገት እንቢ ብሏታል እንጂ ጤና ናት። ከተማችን ባጃጅ በባጃጅ ሆኗል፤ ብታዪው አታውቂውም።

ያ ማሽን አለ። ትምህርት ቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ጠይቄ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ባለፈው ሳምንት አበራሁት። ባትሪው ሞቷል፤ ቀኑንም፣ ዲስክ እንዳለውም ረስቷል። ሁሉን እንደ አዲስ ነገርኩትና ተነሣ። ፕሮግራማችን እንዳለ ነው። እኩሌታው አሁንም አይገባም።

በሕይወት ካለሽ አንድ መስመር ብትልኪልኝ ይበቃኛል።

ሸዋነሽ


አስመራ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2011

ሓፍተይ፣ እኅቴ ሸዋዬ፣

አለሁ። ብዙነሽ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆማ "የለተብርሃን እናት ማን ናቸው?" እያለች ስትጠይቅ፣ የጠየቀቻት ሴት እናቴ ራሷ ነበረች። እናቴ ፖስታውን ይዛ ቤት እስክትደርስ ለማንም አልሰጠችም።

አላገባሁም። ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ያን የደመወዝ ፕሮግራም እስካሁን እጽፋለሁ ብልሽ ታምኛለሽ? ስልክ ቁጥሬን ከታች ጽፌልሻለሁ፤ ግን አሁን አትደውዪ። ድምፅሽን ከሰማሁ የምናገረው የሚጠፋኝ ይመስለኛል። በጽሑፍ ትንሽ እንቀራረብ።

የማሽኑን ነገር በሚገባ ልጠይቅሽ። መጋቢው እንቢ ሲል ዝም አይልም፤ ምክንያቱን ቢኤል በሚባለው ሬጅስተር ውስጥ ይናገራል። አንቺ አልጠየቅሽውም። ከጥሪው በኋላ ያንን ቁጥር አንብቢና ላኪልኝ።

የሌላውን ሁሉ ዜና ጻፊልኝ። ፈንታሁን እንዴት ነው? ስንት ልጆች ወለደ? አሁንም ስለ ጎታና ስለ ቀንበር ይቆጣል?

ለተ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተዬ፣

ቁጥሩ ኤ-ሰባት ነው ይላል። ሁልጊዜ እሱ ነው።

ስለ ፈንታሁን ጠይቀሽኛል። ደብዳቤሽን ከተቀበልኩ ቆየሁ፤ ይህን መጻፍ አቅቶኝ ነው። ፈንታሁን በ1991 ዘመተ። እማዬ "እርሻው ለማን?" ብትለው "እኩዮቼ ሄደው እኔ ከበሬ ጋር ልቅር?" አላት። በሰኔ ሞተ። መርዶው በክረምት መጣ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳሱ ተጥሎ አገኘሁ። ሬሳ አልመጣም። ለፎቶው አለቀስን። ልጅ አልወለደም፤ ታጭቶ ነበር።

ማሽኑን ያኔ ዘጋሁት። ለዚህ ነው መልሱን በራሴ ያልፈለግሁት፤ መልሱ ምን ይጠቅማል አልኩ። የተቆጣሁበት ዘመንም ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም። በአንቺ አይደለም።

ለተ፣ ስለ ክብሮም ምንም አልጻፍሽም።

ሸዋነሽ


አስመራ፣ የካቲት 18 ቀን 2011

ሸዋዬ፣

መጀመሪያ የማውቀውን ልመልስልሽ። ኤ-ሰባት ማለት "ርዝመቱ አልተስማማኝም" ማለት ነው። መጋቢው ጎዶሎ ቁጥር አያመላልስም፤ ለሁለት የሚካፈል ብቻ። የእኛ ፕሮግራም ግዕዙን ፊደል በአንድ ባይት፣ ሌላውን በሁለት ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ዜሮ ይጨምራል። ስለዚህ ሞፈር ስድስት ይሆናል፣ ቀንበር ሰባት። ርዝመቱ ጎዶሎ ሲሆን አንድ ባዶ ባይት ጨምሪለት። አንድ መስመር ነው፤ ያኔ ብትጠይቂኝ በዚያው ቀን እመልስልሽ ነበር። ጠይቀሽኝ ኖሯል፤ ያኔ አልደረሰኝም።

አሁን የማይጻፈውን። ክብሮም ለወራት ብሎ እንደሄደ አልተመለሰም። ጦርነቱ አልቆም ዓመታት ጠበቅን። ከዚያ የመርዶው ወረቀት በከተማው ሁሉ ለየቤቱ በአንድ ጊዜ ታደለ፤ በአንድ መንገድ ላይ ከአንዱ ቤት ጩኸት ሲወጣ ቀጣዩ ቤት በሩን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። የት እንደወደቀ አልተጻፈም። እናቴ ያን አልጋ እስካሁን አላነጠፈችም።

የፈንታሁንን ነገርኳት። "እናቱ አለች?" አለችኝ። "አለች" አልኳት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች።

ለፋሲካ ልመጣ እፈልጋለሁ። እማማ እቴነሽ ግን ምን ይላሉ? እውነቱን ንገሪኝ። እንቢ ካሉ ግድ የለም፣ እኔ አልቀየማቸውም።

ለተ


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተዬ፣

እውነቱን ንገሪኝ ስላልሽ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ እንቢ አለች።

"ልጅቱን አልጠላትም" አለችኝ። "ጉንጯን ሳሚልኝ እል የነበርኩ እኔ ነኝ። ግን ስትገባ ምን ብዬ ልነሣ? ዓይኗን ባየሁ ቁጥር ልጄን የት ጣላችሁት ልላት ነው። ይቅርብኝ።" አልተከራከርኳትም። የክብሮምን ግን አልነገርኳትም።

ያልሽውን አንድ መስመር ጨመርኩ። ቀንበር ገባ። ጎታ ገባ፣ ወገል ገባ፣ ድግርና እርፍ ገቡ። ተማሪዎች ያመጧቸው፣ ፈንታሁን ያስጻፈኝ፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ገቡ፤ ዕቃ ቤቱም ገና አልሞላም። ብቻዬን ተቀምጬ ሳነብብ ዋልኩ።

በማግሥቱ እማዬን በባጃጅ አምጥቼ ማሽኑ ፊት አስቀመጥኳት። ፊደል አታውቅም። "ስሚኝ፣ የፈንታሁን ነው" ብዬ አነበብኩላት። "ጎታ። እናታችን ጎታዋ ባዶ ሲሆን እንኳ 'እህል አለ' ትላለች።" ሳቀች፤ "ዋሾ!" አለች፣ "መቼ ባዶ ሆነና!" "ቀንበር። ቦራና ዳልቻ አንድ ቀንበር ካልለመዱ እርሻው ለሰው ሣቅ ነው።" ይህን ስትሰማ እጇን አንሥታ ስክሪኑን ዳሰሰችው፤ መስተዋቱ ላይ ጣቷን በፊደሎቹ አንገት ላይ አስኬደች።

"ይህን ያማረ ጽሕፈት ማን ጻፈው? አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"የለተ ወንድም ነው። ክብሮም።"

"የት አለ እሱ?"

"እሱም አልተመለሰም፣ እማዬ።"

"በዚያው ጊዜ?"

"በዚያው።"

ጣቷን አላነሣችም። "እናቱ ስሟ ማነው?" አለች። ነገርኳት። ዛሬ ከቅዳሴ እንደወጣች መጥታ "ወረቀት አምጪ፣ ለጓደኛሽ አይደለም የምትጽፊልኝ፣ ለእናቷ ነው" አለችኝ። ቀጥሎ ያለው የእሷ ቃል ነው። ለአደይ ጽርሃ አንብቢላት።

ሸዋነሽ


ለእመት ጽርሃ፣

የምናገረው እኔ እቴነሽ ነኝ። ሸዋነሽ ማሳመር ስለምትወድ እንዳልኩት እንድትጽፍ አስምያታለሁ።

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጾሙስ አልከበደዎትም?

ስለ ልጅዎ ገና አሁን ሰማሁ። እግዚአብሔር ያጥናዎት። ለቅሶ የሚደረሰው በጊዜው ነበር፤ እኔ ያኔ በራሴ ልጅ ተይዤ ነበርና ስላልደረስኩ ይቅር ይበሉኝ። አንቱም ለእኔ አልደረሱም፤ መንገዱ ዝግ ነበርና እኔም ይቅር ብያለሁ።

ሰው ብዙ ይላል። ልጆቻችሁ በአንድ ሜዳ ተያይተው ይሆናል ይላል። እኔ አላውቅም፣ አንቱም አያውቁም። የማውቀው የእኔ ልጅ የተናገረውን የአንቱ ልጅ መጻፉን ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። መልካም እጅ ነበረው።

ለተብርሃን ለፋሲካ ትምጣ። ብቻዋን አትምጣ፤ አንቱም አውሮፕላኑን ከቻሉ አብረው ይምጡ። ደጄ ዳገት ነው፤ ሸዋነሽ በባጃጅ እስከ በሩ ታደርስዎታለች። ምን ብዬ እንደምቀበልዎት አላውቅም። አብረን እንቀመጣለን።

አንድ ነገር ልለምንዎት። የፈንታሁን የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። በየዓመቱ በሰኔ ሚካኤል ቄሱ ስሙን ይጠሩልኛል። ክብሮም ብዬ ለቄሱ ብነግራቸው አይሆንም ይሉኛል። የልጅዎን የክርስትና ስም ይላኩልኝ፤ አብረው ይጠሩ።

እቴነሽ